ያለ ሞት መለመን

የምሠራው ሸዋ ሮቢት ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው መንገደኛ በሙቀቱ ተቀቅሎ ይደርሳል፤ ቁጭ ይላል፣ ያዝዛል፣ ይበላል፣ ከፍሎ ይሄዳል። ማንም አይለምነውም፤ እሱም ማንንም አያስለምንም። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ይሄ ነገር በጣም ይገርመኝ ነበር። እኔ ያደግሁት ሰው ሳይለመን በማይበላበት ቤት ነዋ።

እናቴ እንግዳ ስታበላ ማየት ነበር። እንግዳው ገና ደጁን ሲያልፍ «በልቼ ነው የወጣሁት» ይላል። እንዳልበላ ሁላችንም እናውቃለን፤ እሱም እንደምናውቅ ያውቃል። እናቴ «በሞቴ» ትለዋለች። እንግዳው ቀረብ ብሎ አንድ ሁለቴ ይቀምሳል። እጁን ሊሰበስብ ሲል «አፈር ስሆን» ትላለች። ሴትዮዋ አፈር ስሆን እያለች ማን እጁን ይሰበስባል? ጥቂት እንደበላ ደግሞ ጉርሻ ጠቅልላ ትነሣና «እኔን ይድፋኝ፣ ይቺን ብቻ» ትላለች። አባቴ በሕይወት ሳለ «ይቺ ሴት ምሳ አቅርባ ሳትቀበር የዋለችበት ቀን የለም» እያለ ያስቀን ነበር።

ታዲያ «በሞቴ» ሲባል ሞት ትዝ የሚለው ሰው የለም። እናቴ ሰው ወድዳ፣ መውደዷን የምትናገርበት ሌላ ቃል አልነበራትም። እኔንም «ልጄ እወድሻለሁ» ብላኝ አታውቅም። አብልታኛለች፣ ለእያንዳንዷ ጉርሻም ሞታልኛለች። ይሄ ይበቃኝ ነበር።

አምና በበጋው ደም ግፊቷ ተነሥቶ ወደቀች። ደብረ ብርሃን ወስደን አስተኛናት። እግዜር ይመስገን ተረፈች፤ ከሆስፒታል ስትወጣ ግን አፏ ወደ ግራ ትንሽ አዘንብሎ ነበር፣ ጨውም ተከልክላለች። ለሷ ብቻ የተለየ ወጥ መሥራት ሆድ ያስብሳታል ብዬ የቤቱን ወጥ ሁሉ ያለ ጨው አደረግሁት። ጨው የፈለገ ሰው ገበታው ላይ ከምናስቀምጣት ስኒ እየበተነ ይበላል።

ልጄ ያኔ አምስት ዓመቷ ነው። አያቷን «እማማ» ትላታለች። እማማ ሆስፒታል በተኛችበት ሰሞን፣ የጎረቤት ወሬ ስትሰማ፣ ሰው እንደሚሞት ለመጀመሪያ ጊዜ አወቀች። እኛ ይህን ልብ አላልንም። እናቴ ከተመለሰች ብዙም ሳይቆይ ልጄ አንድ ቀን ምሳ አልበላም ብላ አኮረፈች። እናቴ እንደ ልማዷ አልጋዋ ላይ እንደተቀመጠች ጉርሻ ጠቀለለችና «በሞቴ፣ እማማ ትሙትልሽ፣ ይቺን ብቻ» አለቻት።

የልጅቷ ዐይን ፈጠጠ። ጎረሰች። እናቴ ደስ ብሏት ደገመቻት። «በሞቴ።» አሁንም ጎረሰች። እኔ ግቢ ውስጥ ልብስ እያጠብኩ በመስኮት አያቸዋለሁ፤ ዛሬስ ምን ተገኘ፣ እያልኩ። ልጅቷ እያላመጠች እንባዋ ይወርዳል። ሳህኑ ባዶ እስኪሆን በላች፣ ሮጣ ወጥታ ግድግዳው ሥር አስመለሳት። ደግፌ አፏን ሳጥባት ቀና ብላ፣

«አሁን እማማ አትሞትም አይደል?» አለችኝ።

እናቴ ግድግዳውን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሰምታለች።

የንስሐ አባታችን ሊጠይቋት ሲመጡ ነገሩን አጫወተቻቸው። እኔ ስቀው የሚያልፉት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣

«እኛ ስለለመድነው ነው እንጂ ልጅቷስ በትክክል ነው የሰማችው» አሏት።

«ኃጢአት ነው፣ አባ?»

«የምንናገረውን አለመስማት ነው፣ ልጄ። እግዜር በደጅሽ የቆመውን ሞት መለሰልሽ። አንቺ ደግሞ በየገበታው እየጠራሽ አታምጪዋ።»

ሕግ አላወጡባትም። ጸበል ረጭተው፣ አሳልመው ሄዱ። እናቴ ግን ልጄን ጭኗ ላይ አስቀምጣ «እማማ ከእንግዲህ እንደዛ አትልም» ብላ ቃል ገባችላት። ልጄም የዋዛ አይደለችም፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የአያቷ አፍ ጠባቂ ሆነች። እናቴ «በሞ...» ብላ ስትጀምር ልጅቷ ከየትም ትሁን ከየት ትደርሳለች፣ እናቴም አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትይዛለች።

ከአንዱ ቃል ጋር ሌሎቹም መውጣት ጀመሩ። ምስጋናዋም ርግማኗም፣ መሐላዋም ልመናዋም ለካ ሞት የተቀላቀለበት ነው። የጎረቤት ፍየል ገብታ ጎመኗን ስትበላ ድሮ «ድፍት ያርግሽ!» ትል የነበረችው ሴትዮ አሁን ዱላ ይዛ ትቆምና ቃል ታጣለች። በመጨረሻ «ልብ ይስጥሽ» ትላታለች። ፍየሏ እያየቻት ጎመኑን ትበላለች። እኔ በሳቅ እሞታለሁ፤ ይቅርታ፣ እኔም አልተውኩም።

እንግዳ ሲመጣ ግን አያስቅም ነበር። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን፣ እናቴን እንደ እህት የምታይ ሙስሊም ሴት፣ አንድ ቀን ልትጠይቃት መጣች። እናቴ ምሳ አቀረበች። «ብዪ እንጂ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ሴትዮዋ አንዴ ቀመሰች፣ ሁለቴ ቀመሰች፣ የእናቴን ፊት አየች፣ እጇን ታጥባ ወጣች። በማግስቱ ገበያ ላይ ክንዴን ይዛ ወደ ጥላው ወሰደችኝ።

«እናትሽን ምን አስቀየምኳት? ወላሂ ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ ነው ያደርኩት።»

ነገሩን ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጭና ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ጠፋና «አላህ ያፍያት። ቆንጆ ነገር ነው ያሰበችው» አለች። «ግን እንዲህ እያለች ለሰው ሁሉ ልታስረዳ ነው? ያልገባው ሰው ይቀየማታል እኮ።»

እኔ ወዲያው የታወሰኝ አጎቴ ነው።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ በደሴ መንገድ ካራቆሬ አካባቢ ያርሳል። አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞተ ያሳደጋት እሱ ነው። «ወንድም ጋሼ» ትለዋለች፣ በአንቱታ ነው የምታናግረው። አባቴ የሞተ ጊዜ ግን አጎቴ ከቀብር ቀረ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው እዝን እየቀመሰ ሳለ ወደ ማምሻው ላይ ደረሰ። አንዲት ልጅ እንደማንኛውም ለቀስተኛ እህል በሳህን አድርጋ እጁ ላይ አስያዘችው። እናቴ ከሐዘንተኞቹ መሐል ቀና ብላ አየችውና፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ብላ፣

«ከቀብር ቀርተህ ለእዝን ደረስክ?» አለችው።

ድንኳኑ በሙሉ ሰማ። አጎቴ ሳህኑን አግዳሚው ሥር አስቀመጠና ወጣ። ቆይቶ እንደሰማነው ስልኩ ጠፍቶበት ማሳ ላይ ውሎ ኖሮ መርዶውን የሰማው ከሰዓት በኋላ ነው፤ በእግሩ አስፋልት ድረስ ወጥቶ በጭነት መኪና ነው የመጣው። እናቴ ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ግን ሰው ልካ ይቅርታ አልጠየቀችም። እሱም ከዚያ ወዲህ ቤታችንን አልረገጠም። በበዓል ስንሄድ ይስመናል፣ ያበላናል፤ ስለ እናቴ ግን «ደህና ናት?» ብሎ ያልፋል። እኔ ሁለቱንም በልቤ ስቆጣቸው ዓመታት አለፉ።

ታዲያ አንድ ማታ ሚስቱ ደወለችና «ነገ ሊጠይቃት ይመጣል፤ መታመሟን ከሰማ ጀምሮ እንቅልፍ የለውም» አለችኝ።

እናቴ ተነሥታ ተቀመጠች። ዶሮ ግዢ አለችኝ። እኔ ልሥራው ብል አሻፈረኝ አለች፤ ዱካ ላይ ተቀምጣ በዚያች በደከመች እጇ ራሷ በለተች፣ ራሷ አቁላላች። ፈረሰኛውን ለይታ አስቀመጠች። አባቴ ከሞተ ጀምሮ በቤታችን ፈረሰኛ የሚባለው ብልት ለማንም በክብር ቀርቦ አያውቅም። እንደ ልጅ ፈርታ ነበር። «ይበላልኝ ይሆን?» እያለች ስንቴ ጠየቀችኝ። እንኳን ዶሮ ቂጣም ቢሆን ይበላል አልኳት። እኔም አላመንኩትም።

ረፋዱ ላይ መጣ። ሙቀቱ ገና ከጠዋቱ ግንብ ያግላል። ከማሳው የመጣ ማሾ በጆንያ ተሸክሞ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ፣ ደጃፉ ላይ ቆመ። እናቴ ተነሣች። ተሳሳሙ፤ ጉንጭ ለጉንጭ ደጋግመው። ከዚያ ውስጥ ይግቡ ብንለው በሩ አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ስለ በሽታዋ ጠየቃት። ስለ ዝናቡ ተነጋገሩ። የማሾው ዘር ዘንድሮ እንዴት እንደሆነ አወራ። ገበታው ቀረበ።

«ይቅረቡ፣ ወንድም ጋሼ።»

«በልቼ ነው የወጣሁት።»

ከሌሊት ጀምሮ መኪና ሲጠብቅ የነበረ ሰው የት ሊበላ? ግን ሥርዓቱ ይህ ነው፤ ተራው የእናቴ ነበር። ሌላ እንግዳ ቢሆን በትንሽ ግፊት ይቀርባል። ይሄ ሰው ግን በዚህ ቤት ለመብላት መጣህ ተብሎ፣ ሰው ፊት ተዋርዶ የሄደ ሰው ነው። በገዛ ፈቃዱ እጁን ቢዘረጋ ያን ቃል እውነት ማድረግ ነው። በሞቴ መባል ነበረበት። አንዴ አይደለም፣ ደጋግሞ።

እናቴ አፏን ከፈተች። ልጄ ጉልበቷን ታክካ ቆማ አንጋጣ አፏን ታያለች።

«እባክዎን ይብሉ» አለች እናቴ።

«ይብቃኝ።»

«ቢበሉልኝ ደስ ይለኛል።»

«ተመስገን፣ ጠግቤአለሁ።»

እናቴ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ አይወጣውም። አጎቴ የገበታውን ክዳን ያያል። እኔ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልኩም። ቃል የገባሁለት ሰው የለኝ!

«ጋሼ፣ በሞቴ!» አልኩ።

ልጄ ዞራ ቀሚሴ ላይ ተጠመጠመች። «እማዬ አንቺም አትሙቺ!» ብላ አለቀሰች። አጎቴ ግራ ገብቶት አየን። ከዚያ ራሴን ዳበሰኝና «አንቺ ምን በወጣሽ፣ ልጄ» አለ። ልመናው ከኔ እንደማይጠበቅ ሁለታችንም ገብቶን ነበር። ተነሣ። ነጠላውን አስተካከለ። «እግዜር ይማርሽ» አላት እናቴን፣ እኛንም ሰላም ሁኑ ብሎን ወጣ። ማሾው በሩ ሥር ቀረ።

እኔ ጮህኩ። አሁን ሳስበው ለታመመ ሰው እንደዚያ አይጮህም።

«አንዲት ቃል! አንዲት ቃል ብትይ ምን ነበረበት? እሷን እኔ አባብላት ነበር!»

እናቴ ገበታው አጠገብ ቁጭ እንዳለች ናት። «ያለ ሞት መለመን አላውቅበትም» አለች ቀስ ብላ። «ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው እሱን ነው። ሳጣው ባዶዬን ቀረሁ።»

አንጀቴን በላችው። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። እሷም ቀጠለች።

«በሞቴ ብለው ኖሮ ይበላ ነበር። በልቶ፣ መርቆኝ ይሄድ ነበር። ያቺ ነገር ግን እዛው ድንኳን ውስጥ ትቀር ነበር።» ነጠላዋን ሳበች። «ባጃጅ ጥሪልኝ።»

በዚህ ፀሐይ የት ልትሄጂ ነው አላልኳትም። ከፈረሰኛው ጋር ወጡን በምሳ ዕቃ አደረግሁ፣ እንጀራውን በላስቲክ ጠቀለልኩ፣ ልጄን አቀፍኩ። መናኸሪያ ስንደርስ ረዳቱ «ካራቆሬ! ካራቆሬ!» እያለ ይጣራል፤ ሚኒባሱ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። አጎቴ መስኮት አጠገብ ተቀምጧል። እናቴ ክንዴን ይዛ መስኮቱ ሥር ቆመች። ሲያያት ሊነሣ ሞከረ። «ይቀመጡ» አለችው።

ያዘነበለ አፏ ቃላቱን ቀስ እያደረገ ነበር የሚያወጣቸው፤ ድምፁ ግን ለሁሉም ይሰማል።

«ወንድም ጋሼ፣ በባለቤቴ ለቅሶ ላይ ለእዝን መጣህ ያልኩዎት ሐሰት ነው። በእግርዎ፣ በጭነት መኪና፣ ለእኔ ብለው ነው የመጡት። ሰው ሁሉ እየሰማ ነው ያዋረድኩዎት። አሁንም ሰው ሁሉ እየሰማ ይቅር ይበሉኝ። ዛሬ በሞቴ ያላልኩት ደግሞ ላሳፍርዎት አይደለም። ለዚች ልጅ ሞትን ላልጠራ ቃል ገብቼላት ነው።»

ረዳቱ መጣራቱን አቆመ። አጎቴ ወደ ጫማው አቀርቅሯል። ከጎኑ የተቀመጡ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ፣ ማንንም የማያውቁ፣ ትከሻውን ነካ አድርገው «አውፍ ይበሏት እንጂ! ከዚህ በላይ ምን ትበልዎት?» አሉት።

አጎቴ ቀና አለ። ዐይኑ ቀልቷል።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ። ወደ እኔ ዞረ። «በያ፣ የያዝሽውን አምጪው። ልታሳዪኝ ነው እንዴ ያመጣሽው?»

ምሳ ዕቃውን ከፍቼ በመስኮት አቀበልኩት። ጉልበቱ ላይ አደረገው። ከፈረሰኛው ቆረሰና ጎረሰ። ሁላችንም፣ ረዳቱም ሽማግሌውም ሳይቀሩ፣ አፉን እናያለን። አላመጠ፣ ቆም አለ፣ ቅንድቡን ሰበሰበ።

«ጨው የለውም» አለ።

የጨው ስኒዋ ገበታው ላይ ቀርታለች። ሌላ ሰው ቢሆን መቼም አይናገረውም ነበር፤ የሰው ቤት ወጥ ቀምሶ እንደዚህ የሚል እንግዳ በሸዋ ሮቢትም በካራቆሬም አይገኝም። እናቴን እንዲህ የሚላት በልጅነቷ ወጥ ስትሠራ የቀመሰላት ሰው ብቻ ነው። ሳቀች። ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም፤ እንባዋ በተጣመመው አፏ ላይ እየወረደ።

አጎቴም እየሳቀ ሁለተኛ ጉርሻ ጠቀለለ። ትልቅ፣ እንደ ድሮ ሰው ጉርሻ። በመስኮቱ ክንዱን አውጥቶ ወደ እናቴ አፍ አስጠጋው።

«በሞ...» አለና ቆመ።

ልጄ ከዕቅፌ አንገቷን አስግጋ አፉን ታየዋለች። እሱም አያት፣ ረዘም አድርጎ። ከዚያ ወደ እናቴ ተመለሰ።

«ኑሪልኝ» አላት።

እናቴ አፏን ከፈተች።